አምስተኛ ወር፦ ዳገቱን ንቄ ቁልቁለቱ ጣለኝ

እንደምን ከረማችሁ? ሩጫ ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። መንገዶቼን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው።

ለአዲሶቻችሁ፦ የምኖረው ኢስት ዲን በምትባል መንደር ነው። እንግሊዝ አገር፣ ደቡቡ የባሕር ዳርቻ፣ ከኢስትቦርን ከተማ ትንሽ ፈቅ ብሎ። ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ፈረቃዬ የተዘበራረቀ ስለሆነ ሩጫዬም እንደዚያው ነው። መንደሯ አንድ አረንጓዴ ሜዳ አላት፣ ዙሪያውን በባልጩት የተሠሩ ቤቶች። አዎ፣ ባልጩት። አያቶቻችን እሳት የሚጭሩበት ድንጋይ እዚህ ግድግዳ ነው። ከሜዳው ወደ ባሕሩ ቁልቁል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

መጀመሪያ ስለ ዳገቱ ሲያስፈራሩኝ በሆዴ ስቄያለሁ። የአካባቢው ትልቁ ገደል ቢቺ ሄድ የሚባለው ነው፤ 162 ሜትር። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ያደግኩ ሰው ነኝ። 162 ሜትር እኮ ታክሲ ሲጠፋ በእግራችን የምንወጣው ነገር ነው። ሥራ ቦታም «ኢትዮጵያዊት አይደለሽ? ሩጫ በደምሽ ነው» ይሉኛል። በደሜ ያለው ቡና ነው። ተማሪ ሳለሁ ስፖርት ሲደርስ ሁሌ ወገቤን የሚያመኝ ልጅ ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ያሳለፍኩት በአጭሩ መንገድ ነው። ከመንደር ባሕሩ ዳር ወዳለው በርሊንግ ጋፕ ወርጄ፣ በሣሩ ላይ ወደ ቤል ቱት ወጥቼ መመለስ። አምስት ኪሎ ሜትር ከምናምን። ቤል ቱት ድሮ ለመርከቦች መብራት የሚያበራ ማማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሥራውን ለሌላ ማማ አስረከበ። ገደሉ በባሕር እየተበላ አፋፉ ላይ ሲያደርሰው፣ በ1999 ሕንፃውን እንዳለ በጃክ አንሥተው 17 ሜትር ወደ ኋላ ገፉት። ቤት ሲጎተት አስቡት! እኔ እዚያ ስደርስ ትንፋሼ ስለሚያልቅ ግድግዳው ሥር ቆሜ «አንተንም ገፍተውሃል፣ እኔንም የሚገፋኝ ባገኘሁ» እለዋለሁ።

ስለ አፋፉ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ገደሉ ጠመኔ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበትን የሚመስል ነጭና ልል ድንጋይ። በርሊንግ ጋፕ ላይ በዓመት በአማካይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይናዳል። ቀስ እያለ ሳይሆን አንድ ቀን ድንገት ዱብ ይላል። ከላይ ሣር ለብሶ ደህና የሚመስለው ቦታ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። አጥርም የለውም። ስለዚህ ፎቶ አማረኝ ብላችሁ ወደ ጫፉ እንዳትጠጉ። እኔ ሁልጊዜ በጎች ከሚግጡበት ወደ ውስጥ ነው የምሮጠው።

ሁለተኛው የፍሪስተን ጫካ ነው። ንፋስ ለበዛበት ቀን ጥሩ ነው፣ መሬቱም ለጉልበት ለስላሳ ነው። ሌላ የምለው የለኝም፤ ዛፍ ነው።

ዋናው ወሬዬ ሦስተኛው ነው። ሰቨን ሲስተርስ ይሏቸዋል፣ ሰባቱ እህትማማቾች። ከከክሜር ወንዝ መድረሻ እስከ በርሊንግ ጋፕ የተደረደሩ ነጫጭ ገደሎች ናቸው። ከላይ ስትሮጡባቸው ግን ነጩን አታዩትም፤ የምታዩት ሣር፣ ሰማይ፣ ከዚያ ሌላ ዳገት ነው። ወጣሁ ስትሉ ትወርዳላችሁ፣ ወረድኩ ስትሉ ትወጣላችሁ። ከመንደር ተነሥቼ ዞሬ ስመለስ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቴ በድምሩ 400 ሜትር ገደማ ወጥተሻል ሲለኝ፣ ያ የናቅኩት 162 ትዝ አለኝ። እየደጋገምሽ ከዜሮ ስትጀምሪ ሽሮ ሜዳ አያድንም።

መጀመሪያ የሞከርኩት በተሳሳተ አቅጣጫ ነበር። ከበርሊንግ ጋፕ ወደ ምዕራብ። እዚህ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሙሉውን ፊቴን እየመታኝ፣ አፌን ስከፍት ጉንጬ እንደ ፊኛ እየተነፋ። ቁልቁለት ላይ እንኳ መግፋት ነበረብኝ። ከገደሎቹ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ያለው ኤክሲት የሚባል ቦታ ስደርስ እጅ ሰጠሁና በ12 ቁጥር አውቶቡስ ተመለስኩ። እስከ ጉልበቴ ነጭ ጭቃ ስለሆንኩ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አፍሬ ቆሜ ነው የመጣሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ገለበጥኩት። መጀመሪያ በፍሪስተን ጫካ ውስጥ ወደ ምዕራብ፤ ዛፉ ንፋሱን ይከልላል። ከዚያ በዌስትዲን መንደር አድርጎ ኤክሲት፣ በወንዙ ዳር እስከ ባሕር፣ ከዚያ ገደሎቹን ወደ ምሥራቅ፣ ንፋሱን ከጀርባ አድርጎ። ሌላ አገር የመጣሁ ነው የመሰለኝ። የመጀመሪያዋ፣ ሄቨን ብራው፣ የሁሉም ታላቅ ናት። እሷ ላይ አልሮጥም፣ እራመዳለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አበሻ ሆኜ ዳገት በእርምጃ! በኋላ ሳይ ግን ፈጣኖቹም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይራመዳሉ። ከዚያ ወዲህ ኩራቴን ቤት ትቼ ነው የምወጣው።

አሁን ወደ ውድቀቴ። መጋቢት ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ካባራ አንድ ሰዓት አልሞላውም። የመጨረሻውን ቁልቁለት ወደ መንደር እየወረድኩ ነው። ቤቴ ታየኝ፣ ለቀቅኩት። ጠመኔ አፈር ሲርስ እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል። ጫማዬ ደግሞ የአስፋልት ነበር። ሁለቱም እግሮቼ አንድ ላይ ከፊቴ ሄዱ፣ እኔ በመቀመጫዬ ተከተልኳቸው። ሁለት ሦስት ሜትር ሳልንሸራተት አልቀረሁም። አንዲት በግ ማመንዠኳን አቁማ አየችኝ። ከአጥንት ተርፌያለሁ፤ ግን አሥር ቀን ወንበር ላይ ስቀመጥ በአንድ ጎኔ ነበር።

ጥፋቱ የጫማው ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ስድሳዎቹን ያለፉ የሚመስሉ ሴት በዚያው ቁልቁለት ላይ ጥለውኝ ሄዱ። እግራቸውን አየሁት። ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር፣ እንጀራ ምጣድ ላይ የሚረግጡ ይመስል። እኔ ረጅም እርምጃ እየዘረጋሁ ተረከዜን ነበር የማስቀድመው፤ ማለትም በየእርምጃው ፍሬን እይዛለሁ። ፍሬኑ ደግሞ ጉልበቴ ነው። አሁን ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ፣ እጄን እንደ ክንፍ ዘርጋ አድርጌ፣ እግሬን ከሥሬ አሳርፋለሁ። ዓይኔን ጫማዬ ላይ ሳይሆን ሦስት አራት ሜትር ፊት ለፊት እጥላለሁ። ከሩቅ ላየኝ ዶሮ የማባርር ነው የምመስለው። ጠዋት ደረጃ ስወርድ ይወጋኝ የነበረው ጉልበቴ ግን ዝም ብሏል። ጫማውንም ከሥሩ ጥርስ ባለው ቀየርኩ።

ቁጥር ለምትወዱ፦ ሙሉውን ዙር መጀመሪያ የጨረስኩት በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር። ያለፈው እሑድ 1 ሰዓት ከ46። ከዳገቱ ያተረፍኩት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሌላው በሙሉ ከቁልቁለቱ የመጣ ነው።

ሁዳዴ ላይ ጠዋት ሮጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አቃተኝ። ሥራ ላይ ዓይኔ ሲጨልምብኝ ሩጫውን ከፋሲካ በኋላ ወዳለው ጊዜ ሳልገፋ፣ ወደ ማታ አዞርኩት፤ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቼ፣ አጭሩን መንገድ ብቻ። በረጅሙ ቀን ኪሴ ውስጥ ቴምርና ቆሎ አይጠፋም። ቆሎ እየሮጡ መብላት ግን አልመክርም፤ በንፋስ ላይ ትን ሲል አያድርስ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ከኢስትቦርን ተነሥቶ እነዚህኑ ኮረብቶች የሚያቋርጥ የቢቺ ሄድ ማራቶን አለ። አትጠይቁኝ፣ አልተመዘገብኩም። ለሚቀጥለው ወር ያሰብኩት ከቤቴ ቢቺ ሄድ ደርሶ መልስ ነው፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሄዱ ንፋሱ ከኋላ ነው፤ ሲመለሱ እንዴት እንደምሆን እጽፍላችኋለሁ።

ለንደን ያላችሁ ከቪክቶሪያ እስከ ኢስትቦርን በባቡር፣ ከዚያ በ12 ቁጥር አውቶቡስ ኑ። ቡና አፈላለሁ። ጫማችሁን ግን በር ላይ ታወልቃላችሁ፤ ያ ነጭ ጭቃ ምንጣፍ ላይ ከደረቀ አይለቅም።