ካሴቱ መጨረሻ ላይ የቀረው ድምፅ

ቅዳሜ ማታ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ከባንዱ አጠገብ ተቀምጬ አመሸሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወዳጄ ነው። ድምፅ ማጉያው ሲበላሽበት የምጠግንለት እኔ ስለሆንኩ መድረኩ ሥር ያለችው ወንበር የእኔ ሆና ቀርታለች። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ የዛፎቹ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። የድሬዳዋ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ምሽት ቤቱ አይቀመጥምና ግቢው ሞልቶ ነበር።

ዘፋኟ አዲስ ናት። ከእርሷ በፊት እዚያ መድረክ ላይ ለዓመታት የዘፈነችው ሴት ሥራዋን ለቃ አዲስ አበባ ገብታለች። አዲሲቱ የመጀመሪያውን ዘፈን ሳትጨርስ ከኋላ ጠረጴዛ አንድ ሰው የቀድሞዋን ስም ጠርቶ «እርሷን አምጡልን!» አለ። ሌሎችም ተቀበሉት። ልጅቱ እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች፤ ዘፈኑ ከፍ ወደሚልበት ቦታ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ዘፈኑ የተለካው በሌላ ሰው ጉሮሮ ነው። ወዳጄ ቀና ሳይል በግራ እጁ አንዲት ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነካ። በኪቦርዱ ትንሽ መስኮት ላይ «-3» የሚል ቁጥር ወጣ። የሚቀጥለው ዘፈን ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተጀመረ፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹም ነገሩ ገብቶት እጁን በጊታሩ አንገት ላይ አሸሸ። ልጅቱ ዘፈኑ ውስጥ ገባች። ኋላ የተቀመጡት ሰዎች ግን ጥሪያቸውን አላቆሙም።

ያቺን ቁልፍ ካየሁ ጀምሮ ስለ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ስለ ብሌዝ ቤይሊ እያሰብኩ ነው።

በ1990 ዓ.ም. እኔና ጓደኛዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ነገሩ የጀመረው አሸዋ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ መዝዤ በገዛሁት ጥቁር ካናቴራ ነው። አጥንቱ የወጣ አስፈሪ ፍጥረት ተስሎበት፣ ከበላዩ አይረን ሜይደን የሚል ተጽፎበት ነበር። እናቴ ስታጥበው ሥዕሉን ወደ ውስጥ ገልብጣ ነበር የምታሰጣው። ቡድኑ ማን እንደሆነ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሌላው ሰው ልብስና ሽቶ ሲያስመጣ እኛ ካሴት እንለምነው ነበር። ወንድም ጋሼ ነበር የምንለው፤ እኔም እንደ ጓደኛዬ እንዲሁ እጠራው ነበር። የመጀመሪያው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» ነበር። የብሩስ ዲኪንሰን ድምፅ ከዚያች ትንሽ ቴፕ ሲወጣ የቆርቆሮው ጣሪያ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር። ከእርሱ በፊት በዚያው ቡድን ሌላ ዘፋኝ፣ ፖል ዲያኖ የሚባል፣ ሁለት አልበም እንደሠራ አናውቅም። ለእኛ ዓለም የጀመረው በብሩስ ነው። ሁሉም አድማጭ እንዲህ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ የቡድኑ እውነተኛ ድምፅ ይሆንበታል።

ከዚያ ወንድም ጋሼ «ዘ ኤክስ ፋክተር» የተባለውን አመጣልን። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ቢሆንም እኛ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማታ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን፣ ቴፑን ትራስ ላይ አስቀምጠን ከፈትነው። ከቴፑ የወጣው ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ከመሬት የሚነሣ ድምፅ ነበር። ጓደኛዬ «ድንጋዩ አልቋል» አለ። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል፤ ይህን የማያውቅ የካሴት ዘመን ልጅ የለም። ድንጋዮቹን አውጥተን በማግስቱ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ማታ ስንከፍተው ያው ነው። ገንዘብ አዋጥተን አዲስ ድንጋይ ገዛን። ያው ነው። ያን ጊዜ ነው ከካሴቱ ወረቀት ላይ የተጫዋቾቹን ስም በጣታችን እየተከተልን ያነበብነው። ስቲቭ ሃሪስ አለ። ሌሎቹም ስማቸው አለ። ብሩስ ዲኪንሰን የለም። በእርሱ ቦታ ብሌዝ ቤይሊ ተጽፏል።

ብሩስ ከቡድኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር፤ ለእኛ ግን የሄደው ያን ዕለት ማታ ነው።

ያደረግነውን ልጻፈው። በካሴቱ ራስ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፈንን። ከጎረቤት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ተውሰን የድሮውን አልበም ከነብሩስ ድምፅ በላዩ ቀዳነው። ሌላ ባዶ ካሴት አጥተን አልነበረም። ሰውየውን ልናጠፋው ፈልገን ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን፣ ክፉ ያልሠራብኝን ሰው እንደዚያ ጠልቼው ነበር።

በእኛ ሀገር ይህ ዓይነቱ ጠብ ብዙ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ካሴቱ የዘፋኙ ነው። ሮሃ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ኋላ ቆሞ ሲጫወት ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የማሕሙድ ፊት ነው። የከተማችን ልጅ ዓሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጀምሮ ከብዙ ሙዚቀኞች ጋር ዘፍኗል፤ ሰው ግን «ዓሊ» ይላል እንጂ ከበስተጀርባው ማን ጊታር እንደያዘ አይጠይቅም። በሄቪ ሜታል ነገሩ የተገለበጠ ነው። ስሙ የቡድኑ ነው፣ እንደ እግር ኳስ ክለብ። አይረን ሜይደንን እ.ኤ.አ. በ1975 የመሠረተው ስቲቭ ሃሪስ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ዘፋኝ ሲቀያየር እርሱ አለ። አድማጩ የሚለብሰው ካናቴራ የቡድኑ ሆኖ ሳለ ልቡ ውስጥ የገባው የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። ስለዚህም ዘመኑን እንደ ነገሥታት ታሪክ በዘፋኝ ይቆጥራል፤ የብሩስ ዘመን፣ የብሌዝ ዘመን ይላል።

ሞት ሲመጣ ነገሩ ይለያል። የኤሲዲሲ ቡድን ዘፋኝ ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 ሲሞት ቡድኑ ብራያን ጆንሰንን ተክቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ «ባክ ኢን ብላክ»ን አወጣ። ሽፋኑ ጥቁር፣ መግቢያው የደወል ድምፅ ነው። አድማጩ ለቅሶ ደርሶ ወጣ፣ አዲሱንም ሰው ተቀበለ። ሞት ሥርዓት አለው፤ ሰልስት አለው፣ አርባ አለው። የተባረረና በራሱ የሄደ ሰው ግን አይቀበርም። በሕይወት አለና ይመለስ ይሆናል እየተባለ ይጠበቃል፣ በእርሱ ቦታ የቆመውም ሁልጊዜ የሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ቲም ኦውንስን አስባለሁ። ሮብ ሃልፎርድ ጁዳስ ፕሪስትን ሲተው፣ ኦውንስ በአሜሪካ ኦሃዮ የዚያኑ ቡድን ዘፈኖች እየዘፈነ የሚኖር ሰው ነበር። ከአድማጭነት ተነሥቶ ዘፋኛቸው ሆነ። ከፍታውን አላጣም፣ እያንዳንዷን ጩኸት እንደ ሃልፎርድ ያደርሳታል። ሁለት አልበም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሃልፎርድ ሲመለስ ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ ጥያቄው የችሎታ ብቻ አይደለም።

ብሌዝ ላይ ግን ሌላም በደል ነበረ፣ ይህን ለማየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የብሌዝ ድምፅ ባሪቶን፣ ማለትም ወፈር ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። የብሩስ ዘፈኖች ግን በጣም ከፍ ያሉ ናቸው። መድረክ ላይ ግማሹን ሌሊት እነዚያን እንዲዘፍን ተደረገ፣ ጊታሮቹም በድሮ ቅኝታቸው ቆዩ። እኛ ዘንድ ክራር ደርዳሪ አስቀድሞ ዘፋኙን «እስቲ አንጎራጉር» ይለዋል። ድምፁን ይሰማና ጅማቱን ያላላል ወይም ያጠብቃል። ክራሩ ለሰው ይቃኛል። ብሌዝን ግን ለክራሩ እንዲቃኝ ነው ያስገደድነው፤ «ያስገደድነው» የምለው ዘፈኖቹ ዝቅ ቢሉ ኖሮ ጮኸን የምንቃወመው እኛው ስለነበርን ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ቡድን ዘፋኙን ኦዚ ኦዝቦርንን እ.ኤ.አ. በ1979 አሰናብቶ ሮኒ ጄምስ ዲዮን ሲያመጣ፣ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ የዜማውን አሠራር ለወጠ። ኦዚ የጊታሩን ዜማ እየተከተለ ይዘፍን ነበር፤ ዲዮ ግን ከጊታሩ ተላቆ በላዩ የራሱን መንገድ ስለሚሄድ ሰፊ ቦታ ተከፈተለት። «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተባለው አልበም እንደዚያ ተወለደ። እስከ ዛሬ ኦዚን ብቻ የሚሉ አሉ፤ ቢያንስ ግን ዲዮ በራሱ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበረው።

ወደ ካሴታችን ልመለስ። አዲሱ አልበም ከ70 ደቂቃ በላይ ነበር፤ በላዩ የቀዳነው ደግሞ 40 ያህል። ስለዚህ በሁለቱም ገጽ የብሩስ ድምፅ ሲያልቅ ትንሽ ጸጥታ ይሆንና ብሌዝ ከዘፈን መሐል ብቅ ይል ነበር። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ተሯሩጠን ቴፑን እናጠፋለን። ይህን ሦስት ዓመት አደረግን።

በመካከሉ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ወንድም ጋሼ በ1991 ዓ.ም. ባቡሩን ትቶ ዘመተ። በ1993 ዓ.ም. አካሉ ደህና ሆኖ ተመለሰ። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። የድሬ ሰው ሁሉ በሙቀት ጊዜ ደጅ ስለሚተኛ ሌሊት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የግቢውን በር ሲያይ እናየዋለን። እኛ ያን ጊዜ ደስተኞች ነበርን፤ ብሩስ ወደ ቡድኑ መመለሱን፣ አዲስ አልበምም መውጣቱን ሰምተናል። ብሌዝ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

አንድ ሌሊት ያንኑ ካሴት ከፍተን የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ጓደኛዬ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ወንድም ጋሼ ከአልጋው ላይ «ተዉት» አለ። ተውነው። ዝግ ያለ ዘፈን መጣ፤ ያ ወፍራም ድምፅ በጨለማው ግቢ ውስጥ ሄደ። ሲያልቅ «ስለ ምንድን ነው የሚዘፍነው?» ብሎ ጠየቀን። ጓደኛዬ በምናውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ የገባውን ነገረው፤ ከጦርነት ተመልሶ ቤቱ ስለገባ፣ ጦርነቱ ግን ከራሱ ውስጥ ስላልወጣ ወታደር ነው። ወንድም ጋሼ ምንም አልተናገረም። ትንሽ ቆይቶ «መልሱት» አለ። መለስነው። እስኪነጋ ስንት ጊዜ እንዳጠነጠንነው አላስታውስም።

ያንን ዘፈን የብሩስ ድምፅ ሊሸከመው አይችልም። ይህን ስል ብሩስን ከማንም በላይ የምወድ ሰው ነኝ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 እርሱ ይመራው የነበረው የካርዲፍ የአቪዬሽን ኩባንያ የጅቡቲን አየር መንገድ እንደገና ለማስነሣት መዋዋሉን ስሰማ፣ ድምፁ ወደ እኛ በመጣበት በር ራሱ እንደመጣ ቆጥሬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ውያለሁ። ነገር ግን ብሩስ ይበርራል። ያ ወታደር መብረር አይችልም ነበር።

የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈኖች፣ እኛ ያጠፋናቸውን፣ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በኢንተርኔት ነው። መክፈቻው ከ11 ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ እንደ መነኮሳት ዝማሬ በዝግታ የሚጀምር ዘፈን ነው። ብሩስ ከተመለሰ በኋላ ያንኑ ዘፈን መድረክ ላይ ዘፍኖታል፤ ሕዝቡም በጩኸት ተቀብሎታል። ቀረጻውን ሳየው ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ዘፈኑ ያው ነው፤ ከብሌዝ አፍ ሲወጣ ጆሮ የነፈገው አድማጭ ከሌላ አፍ ሲሰማው ወደደው። ጓደኛዬ አሁን የሚኖረው ሩቅ ነው። ትናንት በስልክ ይህንኑ ሳነሣበት ዝም አለና «ካሴቱ እኮ እኔ ዘንድ ነው» አለኝ። ማጫወቻ ቴፕ ግን የለውም። ላክልኝ አልኩት፤ ሄዱን ጠርጌ፣ ቀበቶውን ለውጬ ያዘጋጀሁት አንድ ቴፕ ሱቄ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ ማታ ከእረፍት በኋላ ልጅቱ ወደ መድረክ ስትመለስ ወደ ወዳጄ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። እርሱም ቁልፏን ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ነካ፤ በመስኮቷ ላይ ዜሮ መጣ። ዘፈኑን ማንም አያውቀውም፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ እንኳ በጥንቃቄ ነበር የሚከተላት። ለመደነስ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሲጮህ ያመሸው ሰው ሒሳብ ሊከፍል ሲነሣ በአጠገቤ አለፈና ጎንበስ ብሎ «ይህ ደግሞ የማን ዘፈን ነው?» አለኝ።

«የራሷ ነው» አልኩት።

መድረኩን አየና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።