ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ የማይሞላው ተራራ

የምኖረው እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው የከተማዋ ጠርዝ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት እህቴ ከጀርመን ስትመጣ መዳፍ የምታክል የዛፍ ቅርፊት ይዛልኝ መጣች፤ ቅርፊቱን ያነሳችው ሃርዝ ከሚባለው የሰሜን ጀርመን ተራራማ አካባቢ ነው።

ሃርዝን ተራራ ብሎ መጥራት ለእኛ ይከብዳል። ከፍተኛው ጫፉ ብሮክን 1141 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በሜትር ብቻ ከሄድን ቆላ ልንለው ነው። ይሁን እንጂ እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ደን ተሸክሞ ሳለ የብሮክን አናት ዛፍ አያበቅልም። ተራራው ከምድር ወገብ 52 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቆ በሜዳ ዳር ብቻውን ስለቆመ፣ ከሰሜን ባሕር በኩል የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ የዓመቱንም አብዛኛውን ቀን ጉም ለብሶ ያሳልፋል።

ከአናቱ በታች ያለው የሃርዝ ደን ግን የተፈጥሮ ብቻ አይደለም። በጎስላር ከተማ አጠገብ ያለው የራመልስበርግ ማዕድን እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ1000 ዓመት በላይ ብር፣ መዳብና እርሳስ ሲወጣበት የኖረ ሲሆን፣ ለጉድጓዱ ድጋፍና ለማቅለጫው ከሰል ሲባል ነባሩ የቢች ደን ተጨፈጨፈ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በምትኩ ቶሎ የሚያድገውና ቀጥ ያለው ጥድ መሰል ዛፍ፣ ስፕሩስ፣ በሰፊው ተተከለ። በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ባሕር ዛፍን ከአውስትራሊያ እንዳስመጣ ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ ድርቅ ሲመታው፣ ሥሩ ጥልቅ ያልሆነው ስፕሩስ ቅርፊቱ ሥር ገብታ የምትራባበትን ጥንዚዛ የሚከላከልበት ሙጫ አነሰው። ቅርፊቱን ገልብጬ ሳየው፣ እናቲቱ ጥንዚዛ እንቁላል የጣለችበት አንድ ቀጥ ያለ ቦይ መሃሉን ይዞ፣ ከግራና ቀኙ እጮቹ የበሉባቸው ቀጫጭን ቦዮች እየሰፉ ይወጣሉ። የታተመ ገጽ ስለሚመስል ጀርመኖች ጥንዚዛዋን «መጽሐፍ አታሚ» ይሏታል፤ ስሙን ወድጄዋለሁ፣ ሥራዋን ግን አይደለም። በሃርዝ ብሔራዊ ፓርክ ሰፊ ክፍል የደረቁት ግንዶች ሳይነሱ ተትተው በሥራቸው ሌላ ችግኝ እየበቀለ ነው።

ስፕሩስ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከአጥሬ ጀርባ ጎረቤቴ አምና ለመስቀል የቆረጠው ባሕር ዛፍ ግን ዛሬ ቁመቴን አልፏል።