መጥሪያው በግል ስም ሲመጣ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ አክሲዮን ማኅበር የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለቃል ጠራት። ጉዳዩ ለአንድ የቦርድ አባል ዘመድ ድርጅት የተከፈለ ገንዘብ ነው። ሥራ አስኪያጁ «የድርጅቱ ጠበቃ ይሂድልሽ» አላት። አይሆንም፤ መጥሪያው የወጣው በግል ስሟ ነው።

መጥሪያ ሲደርስ በየትኛው ሕግና አንቀጽ እንደተጠሩ፣ በምስክርነት ይሁን በተጠርጣሪነት፣ ምን ሰነድ እንደሚፈለግ ይታያል። ካልተጻፈ ከቀጠሮው በፊት በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላለመናገር መብት የሰጠው ለተያዘ ሰው ነው፤ በአንቀጽ 20 በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የተባለውም የተከሰሰ ሰው ነው። በምስክርነት የተጠራ ሰው እነዚህን ጠቅሶ ልቅር ቢል አያዋጣውም። ጥያቄው ወደ ራሱ ጥፋት ከዞረ ግን «ጠበቃ ላማክር» ብሎ ይህም በቃሉ ላይ እንዲሰፍር ያድርግ። የድርጅቱ ጠበቃ ደንበኛ ድርጅቱ እንጂ ሠራተኛው አይደለም።

ሰነዱን አሳምራ ነበር ያዘጋጀችው፦ የክፍያ ማዘዣ፣ የባንክ አድቫይስ (ባንኩ ክፍያ መፈጸሙን የሚያሳውቅበት ወረቀት)፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ ዋናው ከነኮፒው፣ ገጹ ተቆጥሮ በሁለት ቅጂ ማስረከቢያ። የቴሌግራም መልእክቶቿንም አልነካችም፤ ከመጥሪያ በኋላ መሰረዝ ራሱ ያስጠይቃል።

የተሰናከለችው በቀን ነው። «ክፍያውን መቼ ፈጸሙ?» ሲሏት አድቫይሱ ላይ ያየችው ጁላይ 3 ትዝ አላትና «ሐምሌ ላይ፣ በአዲሱ በጀት ዓመት» አለች። ጁላይ 3 ግን ሰኔ 26 ነው፤ ሐምሌ የሚጠባው ጁላይ 8 ነው። መዝገቡ ክፍያውን ሰኔ 30 በተዘጋው ዓመት መያዙ ትክክል ነበር። በእሷ ቃል ግን ቀኑ ወደ ኋላ ተጎትቶ የተመዘገበ መሰለ፤ በዘመድ ክፍያ ምርመራ ላይ ከዚህ የከፋ ጥርጣሬ የለም።

ቃሉ ታትሞ ሲቀርብላት ለመፈረም አልቸኮለችም። ገጽ በገጽ አንብባ፣ ከአድቫይሱ ጋር አስተያይታ «እዚህ ጋ ይታረምልኝ» አለች። የቀድሞው መልስ ሳይፋቅ ማስተካከያው ከነምክንያቱ ከሥሩ ተጻፈ፤ በየገጹ ፈረመች። ቃለ ጉባኤው በእኛ፣ የባንኩ ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ያሰፈረ አንድ ገጽ ይዞ መግባት ይህን ሁሉ ያስቀራል። እሱም ከሌለ «ሰነዱን አይቼ ልመልስ» ማለት ይቻላል።

ቢሮ ስትመለስ ገንዘብ ያዡ «ምን ጠየቁሽ?» አላት። አልነገረችውም። እሱም ሊጠራ ይችላል፤ የሁለት ምስክር ቃል ቃል በቃል ከገጠመ ተመካክረዋል ያሰኛል።