ኮርቻዬን ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ

የአጎቴ ልጅ ከለንደን ሲመጣ ለብስክሌቴ የቆዳ ኮርቻ ይዞልኝ መጣ። ብሩክስ ቢ17። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1866 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ጥፋት የኮርቻው አይደለም። የኔ ነው።

መግጠሙ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ አድርጋችሁ እሰሩት፣ አፍንጫው ትንሽ ቀና ቢል አይጎዳም፣ ቁመቱን በእግራችሁ ለኩ። አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን እዚህ ጎንደር ከፒያሳ አዘዞ ወረድኩ። ቁልቁለት ስለሆነ ምንም አልተሰማኝም። ስመለስ ግን ማራኪ ጋ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ገባሁ። እግሬ ደክሞ አይደለም። የመቀመጫ አጥንቶቼ ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ ቆጥረውት ነው።

ይህ ኮርቻ ስፖንጅ የለውም። አንድ ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ብረቱ ላይ በሪቬት ሚስማር ተወጥሮ ነው ያለው። የጠፍር አልጋ አስቡ። የሚመቸው ስለለሰለሰ ሳይሆን ስለተወጠረ ነው። ስትነዱት ስትነዱት አጥንታችሁ ያረፈበት ቦታ ብቻ ሰርጎድ ይላል። ይህ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። አውቅ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ሰምና ሞራ ያለበት ቅባትም አብሮ አምጥቶልኛል። ወረቀቱ «በስሱ ቀቡት፣ ሌላ ዘይት አትንኩ» ይላል። መሸጫ ዘዴ ነው አልኩ። ጎማ የሚለጥፍልኝ ልጅም «ቆዳ እኮ ዘይት ይወዳል» ብሎ አጸደቀልኝ። ለሱ ምን አለበት፣ መቀመጫው የሱ አይደል!

እናቴ ጓዳ ገብቼ የኑግ ዘይት ቀዳሁ። ቀባሁትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጠጣው። ደገምኩት። ጠጣው። በሦስተኛው ከሥሩም ከላዩም አጠጣሁትና አሳደርኩት። ጠዋት በአውራ ጣቴ ስጫነው እሺ አለኝ። ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

ሁለት ሳምንት ተመቸኝ። ከዚያ መሀሉ መርገብ ጀመረ። የኋላ ብረቱ በቆዳው ስር ይወጋኛል። ነጭ ሱሪዬ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ቀረ። ቢሮ ስገባ ወጥ ቤት፣ ወጥ ቤት እሸታለሁ። ይባስ ብዬ ከአፍንጫው ስር ያለችውን መወጠሪያ ቡሎን አጠበቅኩ። ሲረግብ አጠብቃለሁ፣ ሳጠብቅ ይረግባል። በመጨረሻ ቡሎኗ አለቀች፤ የቆዳው ጎንና ጎን እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ ጭኔን ይልጠኝ ጀመር።

ቅዳሜ ገበያ የበቅሎ ኮርቻ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ወሰድኩት። ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ምን አጠጣኸው ልጄ?»

«ኑግ፣ አባባ።»

«ሰክሯል እኮ! ልጓም መሰለህ እንዴ? ልጓም ይታጠፋል፣ ዘይት ይፈልጋል። ይሄ ሰው የሚሸከም ነው።»

አፈርኩ። ከሁለቱም ጎን ታችኛው ጠርዝ ላይ አራት አራት ቀዳዳ በወስፌ በሱና በጠፍር ከስር አሳስረው ሳቡት። ጎኑ ተሰበሰበ፣ መሀሉም ትንሽ ቀና አለ። 200 ብር ከፈልኩ። ይነዳል፣ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። እስከ ዛሬ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይኸው። ቅባቱን ወረቀቱ ካለውም ቀንሱ። ዝናብ ሲመጣ ፌስታል አልብሱት፤ ርሶ ከተቀመጣችሁበት ቅርጹ ይበላሻል፣ የጎንደርን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሲያማችሁ በአጭር በአጭሩ ንዱ፤ እኔ ብሆን ለወር ከፋሲል መዋኛ አላልፍም። ቡሎኗን በተመለከተ መመሪያው «ሲላላ በጥቂቱ አጥብቁ» ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ አትንኳት ባይ ነኝ። የቡሎን ቁልፍ የያዘ እጅ በጥቂቱ አያቆምም።

ዘንድሮ ሁለተኛ ኮርቻ ገዛሁ። ሦስት ወር ሆነው፣ አሁንም ያመኛል። ቁልፉን እህቴ ጋ አስቀምጫለሁ፤ ብለምናትም እንዳትሰጠኝ ብያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለመንኳት። አልሰጠችኝም።