እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ

ዛሬ ባለሙያው የአሮጌውን የቤት ማሞቂያ ክዳን ከፍቶ በባትሪ እያበራ ሲያሳየኝ፣ ሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አየሁ። በዚያች ክፍተት ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ልጆቼ ወደሚተኙበት ክፍል ሊገባ ይችል ነበር። ልቤ ራደ። መቀየሩ ግድ ሆነ፤ ያለን ገንዘብ ግን ውስን ነው።

ማሞቂያውንና የአየር ማቀዝቀዣውን አብሬ ልቀይር ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅሁ። ቤቱን የለካው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አነስተኛው የአየር ማቀዝቀዣ እንደሚበቃን ነገረኝ። ከልክ በላይ የገዘፈው ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ እርጥበቱን በወጉ አያስወግድም። ከጋዙ ሙቀት 95 በመቶውን የሚጠቀመውን ማሞቂያ ተመኝቼ ነበር፤ 80 በመቶ የሚሰጠውን መረጥሁ። በተረፈው ገንዘብ የአየር ቱቦዎቹ ቀዳዳ ይደፈናል።

ማሞቂያው ተዘግቷል። ዛሬ ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ በድርብ ብርድ ልብስ እንተኛለን።