የመላእክቱን ጣሪያ ሳስጎበኝ ኖሬ፦ ዘጠኝ ወር ከዳዊት ጋር

ሰላም ለሁላችሁም። ጥቅምት ላይ አብረን መዝሙረ ዳዊት መድገም የጀመርን ሰዎች በየሦስት ወሩ የደረስንበትን እንጻፍ ተባብለን ነበር። እኔ እስካሁን አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። ዛሬ የዘጠኙን ወር አንድ ላይ ላውጋችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈረንጅ እየመራሁ እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቻለሁ። አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ እንዳሠሩት፣ በቅጥሩ ላይ ያሉት 12 ግንቦች የሐዋርያት ምሳሌ እንደሆኑ፣ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህኛው በንብ መንጋ ተጠበቀ ተብሎ እንደሚተረክ በቃሌ እለዋለሁ። እንግዳ በሩን ሲያልፍ ዓይኑ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። ወደ ላይ ነው፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደነዚያ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ከሥራቸው ቆሜ አንዲት አባታችን ሆይ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ አስረዳለሁ፣ እወጣለሁ።

ከዚያ ሥራው ቆመ። ታኅሣሥ 2012 ጥምቀት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ገበያችን ሊደራ ነው ብለን ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ በዓመቱ ጥቅምት ጦርነት። ከዚያ በኋላ ያለውን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አልደግመውም። ጓደኞቼ ግማሹ ባጃጅ ያዙ፣ ግማሹ አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ቅዳሜ ገበያ አጎቴ እህል መደብር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። በሳምንት አራት ቀን ነው። የወር ወጪያችንን ይሸፍናል ለማለት ይከብደኛል።

በዚህ ላይ እናቴ ታመመች።

ይህን ክፍል መጻፍ አልፈልግም ነበር፣ ግን ልምድ ማካፈል ከተባለ ልዘለው አልችልም። እናቴ የደም ግፊት ክኒን መዋጥ ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ዓምና በፍልሰታ ሱባዔ ጸበል ገባችና ክኒኑን ተወችው። «እመቤቴ ትበቃኛለች» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እምነቷን አክብሬ ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነቱ ግን ክኒኑ ተወድዶ ስለነበር ነው፣ ወጪ ቀለለልኝ ብዬ ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ቀኝ ጎኗ ከዳት፣ አንደበቷም ተያዘ። ስትሮክ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። ከእንግዲህ ሰው መድኃኒት ሲያቋርጥ አይተህ ዝም እንዳትል» አሉኝ። ከዚያ ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ ሥራ፣ ሰጡኝ፦ በየቀኑ ከዳዊት የቻልኩትን ያህል እንድደግም፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የማላውቀውን በሽተኛ እንድጠይቅ። ቀኖናን ማውራት ልማድ አይደለም፣ ይህን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄአለሁ።

አሁን ወደ ዳዊቱ። ልጅ እያለሁ ፊደል ቆጥሬ አቡጊዳ ላይ ነው ያቆምኩት። በአማርኛው ልጀምር ብዬ ነበር፣ ግን ጎንደር ተቀምጦ፣ ለአቋቋም (ለማሕሌት ዜማ ትምህርት) ተማሪ ከየአገሩ ወደ በኣታ ቤተ ክርስቲያን በሚመጣበት ከተማ፣ የግዕዙን የሚያስነብብ መምህር አጣሁ ማለት አሳፈረኝ። ሰፈራችን ያሉ የኔታ ማታ ማታ ሊያስነብቡኝ ፈቀዱ። የመጀመሪያ ቀን «ብፁዕ ብእሲ» ብዬ ስንደረደር አስቆሙኝና «ልጄ፣ ጋዜጣ አይደለም» አሉ። ንባቡ ደረጃ አለው፤ ግዕዝ ንባቡም፣ ውርድ ንባቡም፣ ቁም ንባቡም የየራሱ ልክ አለው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉትን የቃል አነባበቦች ሳይለዩ ማንበብ ቃሉን ማቁሰል ነው ይላሉ የኔታ። አንደኛውን መዝሙር ብቻ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አሁን ለምትጀምሩ፦ መዝሙሩ 150 ነው። አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፣ ስለዚህ 15 ንጉሥ አለ። በሳምንት ሲከፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ዓርብ 20 ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ 118ኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከአሌፍ ጀምሮ 22 የዕብራይስጥ ፊደል፣ በየፊደሉ ስምንት ስምንት ቁጥር፣ በጠቅላላው 176። እኔ እሱን ብቻዬን ሳላቋርጥ የጨረስኩት በስድስተኛው ወር ነው።

እንደ ሌሎቻችሁ የሳምንቱን ሙሉ በአንዴ አልጀመርኩም። እስከ ኅዳር ሚካኤል በቀን አንድ መዝሙር። ከዚያ እስከ ጥምቀት ሦስት። በዐቢይ ጾም አንድ ንጉሥ። ከትንሣኤ በኋላ ነው የዕለቱን ለመሙላት የሞከርኩት። ደብተር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፦ በግንቦት ከ30ው ቀን 19ኙን ሞላሁ፣ 7ቱን በከፊል፣ አራቱን ጨርሶ አልከፈትኩም። አራቱም ቀን እናቴ ሌሊቱን ያልተኛችባቸው ናቸው። ሰውነቷ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለብኝ። መጀመሪያ ዳዊቴን አስታጎለችኝ ብዬ እበሳጭ ነበር። የኔታ ይህን ሲሰሙ «እሷን ስታገላብጥ የምታውቀውን በቃልህ በል» አሉኝ። አሁን የማውቃቸው ጥቂት ናቸው፦ 22ኛው፣ 50ኛው፣ 90ኛው። አንድ ሌሊት 90ኛውን ስል ከንፈሯ አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም። እናቴ ማንበብ አታውቅም፣ ግን ዕድሜ ልኳን ስትሰማው ኖራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የምደግመው።

ሐሙስ ለእኔ ከባድ ቀን ነው። 87ኛው መዝሙር ሐሙስ ይውላል። ብዙዎቹ ልቅሶ ይጀምሩና መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ እሱ አይዞርም። ጨለማ ውስጥ ገብቶ እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ ሳነበው ገጽ የጎደለ መስሎኝ የኔታን ጠየቅሁ። «አልጎደለም። እንዲህ ሆኖም ይጸለያል» አሉኝ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ነገር አቅልላልኛለች። ምክንያቱም ሰው ሲቸገር የሚጠይቀን ወዳጅ አብዛኛውን ጊዜ «እምነትህ ጎድሎ ይሆናል፣ ራስህን መርምር» ብሎ ይሄዳል። እናንተም ሳይደርስባችሁ አልቀረም። እባካችሁ እኛ ለማንም እንዲህ አንበል። ምንም ሳይሰማኝ፣ ልቤ ደርቆ፣ ዓይኔ እንቅልፍ እየጣለው ያነበብኩት ዳዊት ከጸሎት ይቆጠራል ወይ ብዬ ብዙ ተጨንቄአለሁ። አሁን አልጨነቅም። ሰዓቱ ሲደርስ እከፍታለሁ፣ በቃ።

ሁለተኛው ቀኖና ግን ያላሰብኩት ቦታ አደረሰኝ። በሽተኛ ጠይቅ ሲሉኝ ብርቱካን ይዤ የምሄድ፣ እግዜር ይማርህ ብዬ የምመለስ ነበር የመሰለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንደዚያው አደረግሁ፣ እውነቱን ለመናገር በሽተኛው ከእኔ መምጣት ምን እንዳገኘ አላውቅም። አራተኛው ሳምንት ላይ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ደጃፍ አንድ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አየሁ። ሃያ ዓመት አይሞላውም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላዛር ይዞት ነው የመጣ። ሆዱ በጣፊያው አብጧል፣ እግሩ ቀጥኗል፣ አስታማሚ የለውም። በእጁ ሦስት ወረቀት ይዟል፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። «ጋሼ፣ ይሄ የት ነው?» አለኝ።

ተነሥቼ መራሁት። ላብራቶሪ፣ ከዚያ ፋርማሲ፣ ከዚያ ሐኪሙ ጋ። ፊት ፊት እየሄድኩ፣ ደረጃ ሲሆን እየቆምኩ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እየነገርኩ። ሦስተኛው ክፍል ስንደርስ ነው የገባኝ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው! አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ አይደል? የማያውቀውን አገር ለመጣ ሰው መንገድ ማሳየት፣ ሲደክመው ማየት፣ ያልጠየቀውን አስቀድሞ ማስረዳት። እግዚአብሔር ሙያዬን የወሰደብኝ መስሎኝ ለዓመታት ሳማርረው ነበር።

ልጁ የ17 ቀን መርፌ ታዘዘለት። እኔ በሳምንት አንድ ቀን የታዘዝኩት ሰውዬ 17ቱንም ቀን ሄድኩ። በጠርሙስ ሻይ፣ ቆሎ፣ አንዳንድ ቀን ሽሮ በእንጀራ። የምናወራው ስለ እምነት አልነበረም፣ ስለ በሬ ነበር። አባቱ ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው ነው የላኩት። ድኖ ሲሄድ አዘዞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ነኝ። ከጭልጋ፣ ከደባርቅ፣ ከቋራ የሚመጣው አስታማሚ ብዙ ነው። ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፎ የሚያድር አለ። የሚያስፈልጋቸው ነገር ትንሽ ነው፦ ወረቀት የሚያነብላቸው፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግላቸው፣ ወረፋ የሚይዝላቸው። መድኃኒት ሊያቋርጥ የሚል ሲያጋጥመኝ የእናቴን ነገር ሳልሸፍን እነግረዋለሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን የሚጥል በሽታ ክኒን ትተው ጸበል ብቻ ሊሄዱ ሲነሡ ታሪኬን ሰምተው ሁለቱንም ያዙ። አንዱ ደግሞ ሰምቶኝ፣ አመስግኖኝ፣ ክኒኑን ትቶ ሄደ። እሱን እስካሁን አስበዋለሁ።

አንድ ያልተሳካልኝን ልንገራችሁ። ድሮ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሚኒባስ ገዝተን ነበር። ሥራው ሲቆም ሳይነግረኝ ሸጦ ድርሻዬን አልሰጠኝም። እሱም የእኔው አጥቢያ ነው። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ሰው ግራና ቀኝ ዞሮ እጅ ይነሣሣል። እኔ ያ ሰዓት ሲደርስ ዓምዱ ወዲያ እሸሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሸሸሁ። በጾሙ አጋማሽ ግን እግሬ እንቢ አለኝ፣ ቆሜ ጠበቅሁትና እጅ ነሣሁት። እሱም ነሣኝ። ከቅዳሴ በኋላ ግን ሳያናግረኝ ሄደ። ገንዘቡም አልተመለሰም። ሽማግሌ እልካለሁ፣ ምክንያቱም ይቅር ማለት ሐቄን መተው አይመስለኝም። ግን ቢያንስ ስሙ ሲጠራ ሆዴ አይላወስም። አንዳንድ ቀን ይላወሳል። አሁን ካየሁት ሰነበትኩ።

ባለፈው ወር ሥላሴ በ7 ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። በዘመናት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እንግዳ። ጣሪያውን ለማየት ቀና አልኩ፣ የለመደ አፌ ዓመተ ምሕረት ሊቆጥር ተዘጋጀ። ዝም አሰኘሁትና የዕለቱን ዳዊት አወጣሁ። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ስለነበር ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። አንድ አረጋዊ አባት ከኋላዬ ሆነው ቀስ ብለው አረሙኝ።

እናቴ አሁን ማንኪያ በግራ እጇ ትይዛለች። ክኒኗን ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የምሰጣት፣ ጸበሉንም እንዲሁ። «ማር» የምትል ቃል ከአፏ ትወጣለች፣ ማርያም ልትል ይሁን ማር ፈልጋ አልለየሁም፣ ስለዚህ ሁለቱንም አቀርብላታለሁ፦ ሥዕሏንም፣ ማሩንም።

ለቀጣዩ ሦስት ወር ያሰብኩት 118ኛውን በቃሌ መያዝ ነው፣ በሳምንት ሁለት ፊደል። ክረምቱ ገብቷል፣ መብራት ሲሄድ በሻማ ማንበብ ዓይኔን እየጎዳው ነው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ዳዊት የምትሸጡ ወይም የምታውሱ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሌላው፣ ጎንደር ያላችሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ለመደብሩ ሥራ ስለምመለስ ካርድ ክፍሉ ጋ ሰው አይኖርም። አብዛኛው የገጠር መኪና የሚደርሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ማንበብና መራመድ የሚችል ይበቃል። የመጀመሪያውን ቀን አብሬ እዞራለሁ፣ ክፍሎቹን አሳያችኋለሁ።