የረጠበ መዝገብና ተረኛ ችሎት

ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ፣ በሐምሌ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ስንከፍት ወለሉ ውኃ አቁሮ አገኘነው። ቅዳሜና እሑድ ያላባራው ዝናብ በጣሪያው ቆርቆሮ ክፍተት ገብቶ ከግድግዳው ሥር ያሉትን መደርደሪያዎች አርሷቸው ነበር። በዚያ ጠዋት በቅን ልቦና ያደረግነው አብዛኛው ነገር ጉዳቱን የሚያባብስ ነበር፤ የተጣበቁ ገጾችን በጥድፊያ አላቀቅን፣ የቀረውን ደግሞ ፀሐይ ብቅ ስትል በግቢው ሣር ላይ አሰጣነው። በእስክርቢቶ የተጻፈው በአመዛኙ ሲተርፍ የማኅተሞቹ ቀለም ግን ፈስሶ ገጹን ሁሉ አጠፋው። ከተበላሹት አንዱ የልጅ ቀለብ መዝገብ ነበር። እናቲቱ ለቀጠሮዋ ስትመጣ የሆነውን ነገርናት፤ እርሷም ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የውሳኔ ግልባጭ አወጣች። መዝገቡ እንደገና የተደራጀው በዚያ ግልባጭ ነው። የፍርድ ቤቱን ሰነድ ከእኛ ይልቅ አንዲት ባለጉዳይ በተሻለ ጥንቃቄ ይዛ መገኘቷ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

አሁን በጥብቅና ሥራ ላይ ሆኜ በባሕር ዳር ችሎቶች ስመላለስ፣ ፍርድ ቤት በአደጋ ጊዜ ሥራውን በምን መንገድ እንደሚቀጥል ደጋግሜ አስባለሁ። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጣና ሞልቶ፣ ርብና ጉማራም ከዳርቻቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ሕዝቡ ከቀየው ተፈናቅሏል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው ወደ አስቸኳይ ጉዳዮች ብቻ ዞረዋል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በኋላም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ሦስቱም የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ በፍርድ ቤት በር ላይ የሚያስነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ዛሬ የግድ መሰማት ያለበት የማን ጉዳይ ነው?

ዕቅድ ከዚህ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ። ብዙውን ጊዜ ስለ አደጋ ዝግጁነት ስንነጋገር ስለ ጄኔሬተርና ስለ እሳት ማጥፊያ እንጀምራለን፤ እነዚህ አስፈላጊ ቢሆኑም ሕንጻውን እንጂ ሥራውን አይጠብቁም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባዋል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከደቅ ደሴት በጀልባ ሐይቁን ለሚሻገር ሰው ይህ የጉዞ ጊዜ ትርጉም ያለው ነው፤ ጀልባው በማዕበል ወይም በሌላ ምክንያት ሲቆም ደግሞ ችሎቱ ወደ እርሱ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ከእስረኞች ቀጥሎ የልጅ ቀለብ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲፈታ የሚቀርብ ጥያቄ)፣ ንብረት ከመጥፋቱ በፊት የሚጠየቅ እግድ ይመጣሉ። የድንበር ክርክር ወር ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ቀለብ የምትቀር ሕፃን ግን አትቆይም።

ይህን የመለየት ሥራ ከሌላ አገር መቅዳት አያሻንም። በየክረምቱ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ሲዘጉ ተረኛ ችሎት ይሰየማል፤ ዳኞቹ ይመደባሉ፣ የትኛው ጉዳይ እንደሚስተናገድ ይታወቃል፣ ዝርዝሩም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የጎደለው ይህ ልማድ ቀኑ ባልታወቀ ጊዜም እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ካልተዘጋጁ ምን እንደሚመጣ በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት በምትገኘው ኒው ኦርሊንስ ታይቷል። በነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲመታ፣ በወንጀል ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት የተከማቹት ኤግዚቢቶች፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች፣ በጎርፍ ተዋጡ። እስረኞች በየአካባቢው ወዳሉ ማረሚያ ቤቶች ሲበተኑ ማን በምን ክስ እንደተያዘ የሚያሳየው ሰነድ አብሯቸው ስላልሄደ፣ በቀላል ጥፋት የተያዙ ሰዎች ጭምር ጠበቃም ዳኛም ሳያገኙ ለወራት ታሰሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ጎርፉ አይደለም፤ አንድ ወረቀት ነው። የእስረኛው ስም፣ የተያዘበት ቀን፣ የመዝገቡ ቁጥርና ቀጣይ ቀጠሮው የሰፈረበት ዝርዝር በየሳምንቱ ታትሞ በፍርድ ቤቱ፣ በፖሊስ ጣቢያውና በማረሚያ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ የብዙዎቹ ነገር ሌላ ይሆን ነበር። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ዝርዝሩ በኮምፒውተር ብቻ መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛ ቅጂን በሌላ ቦታ ማኖር ለጣና ዳርቻ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ብራና ባዶ ገጾች ላይ ያሰፍሩ ነበር፤ በግራኝ አሕመድ ዘመን ጦርነትም የጣና ደሴቶች ገዳማት የቅርስና የመጻሕፍት መጠለያ ሆነዋል። የዛሬው መዝገብ ቤትም ቢያንስ የውሳኔ ግልባጮችን በስካነር አንሥቶ አንዱን ቅጂ በሌላ ከተማ ሊያስቀምጥ ይችላል።

የረጠበ መዝገብን በተመለከተ ያን ጊዜ ባለማወቄ የምቆጭበትን ልጻፍ። የረጠበ ወረቀት ሻጋታ ማብቀል የሚጀምረው በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ ያው 48 ሰዓት መሆኑ ነው። ጥቂት ከሆነ ከፀሐይ ርቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ በየገጹ መካከል ንጹሕ ወረቀት እየገባበት ይደርቃል። ብዙ ከሆነ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የመዝገቡ ቁጥር ተጽፎበት በማቀዝቀዣ በረዶ ይደረግ፤ በረዶው ሻጋታውን ስለሚያቆመው ጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ለማድረቅ ጊዜ ይገኛል። የባሕር ዳር ዓሣ ነጋዴዎች ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች አሏቸው። ከአንዱ ጋር አስቀድሞ መነጋገርና ስልኩን መያዝ በጀት አይጠይቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀነ ገደብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ነው። መንገድ ተዘግቶ ቀኑ ሲያልፍ ባለጉዳዩ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት እንዳለው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ መንገዱ የተዘጋው ግን በሺህ ሰዎች ላይ ነው። የሉዊዚያና ገዥ በካትሪና ጊዜ የሕግ ቀነ ገደቦችን በአንድ ትእዛዝ አግደው ነበር። እኛም እያንዳንዱን ገበሬ የጎርፍ ማስረጃ አምጣ ከማለት፣ ፍርድ ቤቱ የተዘጋባቸው ቀናት እንደማይቆጠሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚገለጽበት ሥርዓት ያስፈልገናል።

በዚህ ክረምት የተረኛ ችሎት ዝርዝር ሲለጠፍ ከሥሩ ሁለት መስመር እንዲታከልበት በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ሕንጻው ባይከፈት ችሎቱ የት እንደሚያስችል፣ የተመደበው ዳኛም መድረስ ባይችል ማን እንደሚተካ።